«ሥሩ ነው» ያሉት ጉልበቴ

ይህን የምጽፈው ኳስ ለሚጫወቱ፣ ጆንያ ለሚሸከሙ፣ ቀኑን ሙሉ በእግራቸው ለሚውሉ ልጆች ነው። ለእናቶቻቸውም ነው። መጻፍ ብዙ አልለመድኩም። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ በቀጥታ ሥራ ነው የገባሁት። አንዳንድ ቦታ ላይ ቆም ካልኩ ታገሱኝ። የምቆመው ታላቅ ወንድሜ ስለሚመጣብኝ ነው።

እኛ ሸዋ ሮቢት ሰው አንድ ነገሩን ሲያመው ሥር ነው እንላለን። አንገት ሲያዝ ሥር ነው። ወገብ ሲያዝ ሥር ነው። ደም የሚሄድበትም ሥር፣ አጥንትን ከአጥንት ጋር የሚያስረውም ሥር። ቃሉ አንድ ስለሆነ ነገሩም አንድ ይመስለን ነበር። እኔን አልጋ ላይ ያስቀረኝ ከጉልበቴ ይልቅ ይህ ቃል ነው።

መጀመሪያ ስለ ወንድሜ ልናገር። አለበለዚያ የእኔ ፍርሃት አይገባችሁም።

እንድሪስ ባጃጅ ይነዳ ነበር። ከካራቆሬ ሲመለስ ተገለበጠና ቅልጥሙ ተሰበረ። ጀሶ አሰሩለትና ቤት ተኛ። እማ ምንም እንዲነካ አትፈቅድለትም ነበር። ውሃ እንኳ በእጇ ነው የምታጠጣው። ሊጠይቀው የሚመጣው ሁሉ «አይዞህ፣ ብቻ አትነሳ» ብሎት ይሄዳል። እሱ ጨዋታ ይወድ ስለነበር «ባጃጇ እንኳ ከእኔ ቀድማ ተነሳች» እያለ ያስቃቸዋል።

ከዚያ ባቱ አበጠ። ጀሶው ነው አልን። አንድ ጠዋት ትንፋሽ አጠረኝ አለ። ቀጥሎ ደረቴን ወጋኝ አለ። ባጃጅ ፍለጋ ወጣሁ። ይዤ ስመለስ… አልደረስኩም።

በኋላ ሐኪሙ ለአባባ ነገረው። እግሩ ደም ሥር ውስጥ ደም ረግቶ፣ የረጋው ደም ከቦታው ተነስቶ ሳንባውን ዘግቶት ነው አለው። አባባ ቤት ሲመጣ ይህን ሁሉ መናገር አልቻለም። «ሥሩ ነው» ብቻ አላት እማን። እማም ሊያጽናናን ለመጣው ሁሉ «ሥሩ ገደለው» አለች። እኛ ቤት የቀረው ይኸው ነው። ሥሩ ከእግሩ ተነስቶ ልቡ ገባ።

የእኔ የደረሰው ዓመቱ ሳይሞላ ነው። በበጋ የሮቢ ወንዝ ሲጎድል አሸዋው ላይ እንጫወታለን። ኳስ ይዤ ለመታጠፍ ስል እግሬ አሸዋው ውስጥ እንደተተከለ ቀረ። ሰውነቴ ግን ዞረ። ጉልበቴ ውስጥ «ቷ» አለ። እኔ ብቻ የሰማሁት መስሎኝ ነበር። በረኛችን ከድር ግን ከዚያ ከግቡ ሆኖ «ምን ሰበርክ?» አለኝ።

«ምንም።»

«እንጨት ሲሰበር ሰማሁ እኮ።»

ተነስቼ ሄድኩ። መሄድ ስለቻልኩ ደህና ነኝ አልኩ። ቤት ስደርስ የጉልበቴ ሎሚ አይታይም። ዙሪያው ሞልቶ ቅርጹ ጠፍቶ ነበር። በረዶ ከለስላሳ መሸጫ አምጥተን አደረግንበት። እብጠቱ እየቆየ ጎደለ። ወለምታ ነው ብዬ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ። ሥራዬ ሽንኩርት ጭነት ነው። ከእርሻው እስከ አይሱዙው ድረስ እንሸከማለን።

አንድ ቀን የሞላ ጆንያ ተሸክሜ የመስኖ ቦይ ልሻገር ስል ጉልበቴ ሸሸ። ሌላ ቃል የለኝም። አላመመኝም፤ ሸሸ። እኔ ወደዚህ፣ ጉልበቴ ወደዚያ። ቦዩ ውስጥ ከነጆንያው ገባሁ። ጓደኞቼ «ዋና ጀመርክ እንዴ?» ብለው ሳቁ። እኔም ሳቅኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ደረጃ ስወርድ፣ ሰው ጠርቶኝ ዞር ስል፣ ጉልበቴን ማመን ተውኩ።

እማ ወጌሻ ዘንድ ወሰደችኝ። ጋሼ አበጋዝ ይባላሉ። የሰፈሩን ልጅ ሁሉ እጅና እግር ያውቁታል። እጃቸውን ቅቤ ቀብተው ጉልበቴን ዙሪያውን ዳሰሱ።

«ማንን አስቆጥተህ ነው?»

«ኳስ ነው ጋሼ።»

«ኳስ ባይኖር እኔ ጦሜን ነበር የማድረው» አሉ። እኔም እማም ሳቅን። ከዚያ አውራ ጣታቸው ከሎሚው ጎን ቆመ። «አጥንት አይደለም። ሥሩ ዞሯል። እያሸሁ እመልሰዋለሁ።»

እማ ሳቋን አቆመች። «ሥር ነው ካሉ አይንኩት ጋሼ።»

«ለምን ልጄ?»

«የወንድሙም ሥር ነበር።»

ጋሼ አበጋዝ እጃቸውን ከጉልበቴ አነሱ። ከዚያ እጃቸውን በጨርቅ ጠረጉ። «እንግዲያው ሐኪም ይየው» አሉ። አልተቆጡም። እኔ ግን ከዚያ ደቂቃ ጀምሮ ፈራሁ። በር ላይ ስንወጣ እግሬን እንደ ዕቃ ነበር የማነሳው፤ እንዳይፈስ።

አንድ ክሊኒክ ሄድን። ራጅ አነሱኝ። ወረፋው እስከ በር ድረስ ነበር። ያየኝ ባለሙያ ወጣት ነው። ክፉ አይደለም፤ ሰው በዝቶበታል። ፊልሙን ወደ መስኮቱ ከፍ አድርጎ «አጥንቱ ሰላም ነው። የተጎዳው ሥር ነው። ፋሻ አድርጉለት። ይረፍ» አለ።

«ይረፍ» ሲል እማ ግድግዳውን ያዘች። እንድሪስንም አረፈ ነው የምንለው።

የትኛው ሥር ብለን አልጠየቅንም። በእኛ ቤት ሥር አንድ ነው። ይረፍ ማለትስ እስከ ምን ድረስ ነው ብለንም አልጠየቅንም። የሚቀጥለው ሰው ገብቶ ነበር።

እንዲህ ሆኖ ተኛሁ። እማ ፋሻውን ከጉልበቴ በላይና በታች ጠበቅ አድርጋ ጠቀለለችው። የታሰረ ሥር አይነሳም ብላ ነው። ግቢ ውስጥ ከማንጎው ጥላ በታች አልጋ ዘረጉልኝ። ለሽንት እንኳ አባባ ተሸክሞኝ ነው። እኔም እሺ አልኩ። እውነቱን ልንገራችሁ፤ ከእማ የበለጠ የፈራሁት እኔ ነበርኩ። ጣቴ በእንቅልፍ ቢንቀሳቀስ እነቃለሁ። የሆነ ነገር ከባቴ ተነስቶ በጭኔ በኩል ወደ ላይ ሲሄድ ይታየኛል።

የሚብሰኝ ከምሳ በኋላ ነበር። የእኛ አገር ሙቀት ሲበረታ ሰው ሁሉ ይተኛል። መንገዱ ላይ ባጃጅ እንኳ ይጠፋል። ያኔ ትንፋሼን ማዳመጥ እጀምራለሁ። ሙቀቱ ይሁን ፍርሃቱ አላውቅም፣ አየሩ አይበቃኝም። እንድሪስ እንዲህ ነበር ያለው። እማን ልጥራት? ብጠራትና ምንም ባይሆን ለሌላ ጊዜ አታምነኝም። ባልጠራትና ከሆነስ? እንዲህ እያልኩ ጥላው ከአልጋዬ ላይ ይሄድና ፀሐይ ፊቴ ላይ ይወጣል። ሌሊቱንማ አልጽፈውም።

እማ ጠዋት ጠዋት ባቴን በክር ትለካ ነበር። ክሩ ላይ ቋጠሮ አለው። ቋጠሮው ከጫፉ ጋር ከተገናኘ «አልሐምዱሊላህ» ትላለች። ከዚያ ነው ቁርስ የምንበላው። ስትሰግድ ድምፅዋ ይሰማኛል። «ያ ረቢ፣ አንዱን ወሰድክ፤ ይሄን አንዱን ተውልኝ» ትላለች። እኔ ሁለተኛው ነኝ። ከእኛ በቀር ልጅ የላትም።

ከድር ሁልጊዜ ይመጣል።

«ሙሽራው ዛሬም አልወጣም?»

«ሚዜው መቼ በጊዜ መጣ?» እለዋለሁ።

አንድ ቀን ልብሴ ተገልጦ ጭኔን አየ። «ይሄ ያንተ ጭን ነው የእኔ ክንድ?» አለ። ሊያስቀኝ ነበር። ከዚያ የደህናውን እግሬን ጭን አየ፤ መልሶ ያንን አየ። ሁለታችንም አልሳቅንም። የታመመው እግሬ ጭን ቀልጦ የሌላው ግማሽ የቀረው መስሎ ነበር። ከድር ጉልበቴን ቀስ ብሎ ሊያጥፈው ሞከረ። አልታጠፍ አለ። እኔ ጮህኩ። እማ ወጥታ ከድርን እንደ ሕፃን ገፋችው።

ከዚያ በኋላ በአንዱ ጠዋት ክሩ አልደርስ አለ። እማ ደግማ ዞረችው። ቋጠሮውና ጫፉ አልተገናኙም። ባቴ ተወጥሯል፤ ስትነካው ያመኛል። እማ ክሩን ሻሿ ጫፍ ላይ ቋጠረችው። ሻሿን አሠረች። አባባን «መኪና» ብቻ አለችው።

ወደ ደብረ ብርሃን በሚኒባስ ወጣን። እግሬ የአባባ ጭን ላይ ነው። ሸዋ ሮቢትን እንደለቀቅን አንድ ተሳፋሪ «ልጁ እግሩን ይጠፍ እንጂ፣ ሰው ይቀመጥበት» አለ።

«አይታጠፍም» አለ አባባ።

«ለምን፣ ብረት ነው?»

«ሥሩ ነው» አለ አባባ። ሰውየው እግሬን አየ። ቆይቶ «አላህ ያሽረው» አለና ፊቱን ወደ መስኮት አዞረ። እሱም የሚያውቀው አለ ማለት ነው። ደብረ ሲናን አልፈን ዳገቱን ስንወጣ ጆሮዬ ተደፈነ፤ ብርዱ ገባ። ትንፋሽ አጠረኝ። ከፍታው ነው አልኩ ለራሴ። ከፍታው ነው፣ ከፍታው ነው። የእማን ፊት ማየት ፈርቼ ወንበሩን አየሁ።

ሆስፒታሉ ውስጥ ረጅም አግዳሚ ላይ ጠበቅን። እኛ የቆላ ልብስ ነው የለበስነው። ከጎናችን አንዲት ወፍራም ጋቢ የለበሱ እናት ነበሩ።

«ከየት ናችሁ?»

«ከሮቢት» አለች እማ።

«ታዲያ ራቁታችሁን ነው የመጣችሁት» አሉና ጋቢያቸውን ከትከሻቸው አውርደው እግሬን ሸፈኑት። ስማቸው ሲጠራ እማ ልትመልስላቸው ተነሳች። «እስክወጣ ይቆይ፤ እኔ ብርዱን ለምጄዋለሁ» አሉ። ከዚያ ቀን የማስታውሰው ሙቀት ይህ ብቻ ነው።

ገባን። ሐኪሙ መጀመሪያ የጠየቀኝ ስለ ትንፋሼ ነው። ከዚያ አልትራሳውንድ ወዳለበት ክፍል ወሰዱኝ። ሐኪሙ እግሬን ቀዝቃዛ ነገር ቀብቶ መሣሪያውን ከብሽሽቴ ጀምሮ እየተጫነ ወደ ታች ወረደ። እያንዳንዱ ቦታ ላይ ይቆማል። ሲቆም እኔ መተንፈስ አቆማለሁ። እማ ከንፈሯ ብቻ ይንቀሳቀሳል።

«የረጋ ደም የለም» አለ።

«የለም ማለት?» አለች እማ።

«የለም እናቴ። ደም ሥሮቹ ክፍት ናቸው።»

«ክሩስ ታዲያ?»

«የምን ክር?»

እማ ከሻሿ ጫፍ ፈታ አወጣችው። ሐኪሙ አልሳቀባትም። ተቀብሎ ባቴ ላይ ዞረው፤ ቋጠሮውን አየ። «ጥሩ አድርገዋል። እብጠቱ እውነት ነው። ከጉልበቱ የወረደ ፈሳሽ ነው፤ ፋሻውም አንቆታል። ማምጣትዎ ግን ልክ ነው። በዓይን ብቻ አይለይም» አለ።

ከዚያ ፋሻውን ፈታው። ጉልበቴን ጥቂት አጥፎ ቅልጥሜን በእጁ ወደ ራሱ ሳብ አደረገው። መጣለት። ደህናውን እግሬን እንዲሁ ሲስበው አንድ ቦታ ላይ ደርሶ ይቆማል። የታመመው አይቆምም፤ ይመጣል። እኔም አየሁት።

«በጉልበቱ መሃል ያለው ጅማት ተበጥሷል» አለ።

«ጅማት ሥር ማለት አይደል?» አለች እማ።

«ሥር አይበሉት። ሥር ካልነው ይምታታል።» ሐኪሙ ወደ አባባ ዞረ። «ገበሬ ነዎት?»

«ነኝ።»

«ደም ሥር ቦይ ነው፤ ደም የሚሄድበት። ጅማት ጠፍር ነው፤ አጥንትን ከአጥንት ያስራል። የልጅዎ ጠፍሩ ነው የተበጠሰው። ቦዩ ደህና ነው።»

አባባ ትንሽ አሰበ። «ቦይ ውሃው ካልሄደ ይደፈናል» አለ።

«ልክ ነው። እግርም እንዲሁ ነው። ዝም ብሎ ብዙ ከተኛ ደሙ ይረጋል። እንደዚህ ተጠፍንጎ መተኛቱ የምትፈሩትን ነገር መጥራት ነበር።»

ከዚያ እማ ቀስ ብላ «እንድሪስን አትነሳ ያልኩት እኔ ነኝ» አለች።

ሐኪሙ እንድሪስን አያውቀውም። አባባ ነገረው። ጀሶውን፣ ባቱን፣ ጠዋቱን። ሐኪሙ ወንበር ስቦ ከእማ ፊት ተቀመጠ። «ጀሶ ያለበትን ሰው ሁሉም አትነሳ ነው የሚለው። ጣቱን ያንቀሳቅስ፣ በክራንች ይሂድ፣ ባቱ ካበጠ ፈጥናችሁ አምጡት ብሎ መንገር የእኛ የሐኪሞች ሥራ ነው። ይህን ሁሉ አድርገን እንኳ የሚያመልጠን አለ። ያልተነገረዎትን ከየት ሊያመጡት ይችላሉ?» አላት። እማ እስካሁን ስለዚህ ነገር አላወራችም። እኔም አልጠየቅኳትም።

አባባ ስለ ቀዶ ጥገና ጠየቀ። ሐኪሙ አሁን አይደለም አለ። መጀመሪያ ጉልበቱ ይታጠፍ፣ ጭኑ ይመለስ። ከዚያ በኋላም ጉልበቱ መክዳቱን ካልተወ፣ ወይም እንደ ኳስ ያለ መዟዟር ያለበት ነገር ውስጥ መመለስ ከፈለገ፣ ሌላ ጅማት አዘጋጅቶ የሚተካ ቀዶ ጥገና አለ፤ ያኔ እንነጋገራለን አለ። ብዙ ሰው በእንቅስቃሴ ሕክምና ብቻ ሥራውን እየሠራ ይኖራል ብሎ ነገረን።

የእንቅስቃሴ ሕክምና የምትሰጠው ሴት ፊዚዮቴራፒስት ትባላለች። እግሬን ዘርግታ ከጉልበቴ በታች የተጠቀለለ ፎጣ አደረገች። «ተጫነው» አለችኝ። ጭኔን አዘዝኩት። አልሰማኝም። የሌላ ሰው ጭን ይመስል ነበር።

«ፈርተሃል?»

«አዎ።»

«ፍራ። እየፈራህ ተጫነው።»

ለጉልበታችሁ የምነግራችሁ ይህን ነው። እግራችሁ ተተክሎ ሰውነታችሁ ሲዞር «ቷ» ካለና በዚያው ቀን ካበጠ፣ ብትሄዱበትም ወለምታ ነው ብላችሁ አትለፉት። ራጅ አጥንትን እንጂ ጅማትን አያሳይም፤ «አጥንቱ ሰላም ነው» ማለት ጉልበቱ ሰላም ነው ማለት አይደለም። ሥር ነው ሲሏችሁ የትኛው ሥር ብላችሁ ጠይቁ። ይረፍ ሲሏችሁ ምን ያንቀሳቅስ ብላችሁ ጠይቁ። ወረፋው ቢረዝምም ጠይቁ። ባት አብጦ ካመመ ደግሞ ማንም አያሸው፤ ሐኪም ቤት ሂዱ። ትንፋሽ ካጠረ፣ ደረት ከወጋ፣ እስኪነጋ እንኳ አትጠብቁ። ይህን እንድሪስ ሳይታመም የነገረን ሰው ቢኖር ኖሮ ብዬ አስባለሁ። ሁልጊዜ አስባለሁ።

ከሆስፒታሉ በክራንች ነበር የወጣሁት፤ አሁን ያለ ክራንች እሄዳለሁ። ሽንኩርት ጭነት ላይ ሚዛን ያዥ አድርገውኛል። ጆንያ አልሸከምም። ወንዙ አሸዋ ላይ ከድርና ሌሎቹ ሲጫወቱ ዳር ቆሜ አያለሁ። ጉልበቴ አልፎ አልፎ ይሸሻል፤ ስለ ቀዶ ጥገናው ገና አልወሰንኩም። ፍርሃቱም ሙሉ በሙሉ አልለቀቀኝም። ከምሳ በኋላ ብቻዬን ከሆንኩ አሁንም ትንፋሼን አዳምጣለሁ። ሲመጣብኝ ተነስቼ እሄዳለሁ።

ከደብረ ብርሃን በተመለስን ማግስት የሆነውን ጽፌ ላብቃ። እግሬን ዘርግቼ ፎጣውን ከጉልበቴ በታች አደረግኩ። መጫን አልቻልኩም። ሐኪሙ ያለውን ሁሉ አምኛለሁ። እግሬ ግን አላመነም። እማ በሩ ላይ ቆማ ታየኛለች። ፊዚዮቴራፒስቷ ያለችውን እሷም ሰምታዋለች። ገባች። ፎጣውን ሳበችና ጣለችው። የራሷን እጅ ከጉልበቴ በታች ከተተች።

«ተጫነኝ» አለች።

«እማ…»

«ተጫነኝ አልኩህ።»

ተጫንኳት። «አልተሰማኝም» አለች።

በማግስቱም አልተሰማትም። ከዚያም በኋላ ብዙ ቀን አልተሰማትም። ቤቱን ትጠርጋለች፣ ትመጣለች፣ እጇን ትከታለች፣ «አልተሰማኝም» ትላለች፣ ትሄዳለች። አንድ ቀን ጭኔ ላይ ያለው ሥጋ ቀስ ብሎ ሲሰበሰብ አየሁት። ጉልበቴ ወደ ታች ወረደ። የጣቶቿ አጥንት ተሰማኝ። ያሳመምኳት መስሎኝ ላላ ላደርግ ስል በሌላው እጇ ጭኔን ያዘችው።

«ተሰማኝ» አለች። «ገና አትልቀቀኝ።»